ያለ ውኃ የተዋጠ ክኒን

ትናንት የራስ ምታት ክኒን ምላሴ ላይ ቀርቶ ሟሟ። ምሬቱ ጉሮሮዬን ሲይዘው በሐሳቤ ቡሬ፣ አክስቴ ግቢ ነበርኩ፤ ሰሌን ላይ የተሰጣው በርበሬ ፀሐይ ላይ ደም መስሎ፣ ጠረኑ አፍንጫ እየሰነፈጠ።

ወላጆቼን ስላጣሁ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። በርበሬ እየለቀሙ ይሸጡ ነበር። ብናኙ ራሳቸውን ሲያመው ግንባራቸውን በሻሽ ጥፍር አድርገው አስረው ይቀጥላሉ። አንድ ዓመት ሁዳዴ ላይ ግን ሻሹም አልበጃቸው። እኔ ፍኖተ ሰላም እማር ነበርና አንድ ዓርብ ክኒን ገዝቼላቸው መጣሁ። ማንበብ ስለማይችሉ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ወረቀት እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው፤ አስፕሪን፣ ፓራሲታሞልና ካፌይን ባንድ ክኒን።

«ሦስትም አንድም ነው በለኛ» ብለው ፈገግ አሉ። ሆኖም ቅዳሴ ሳይወጣ አልውጥም አሉ።

ያኔ ሰው መርታት ከምግብ በላይ የሚጥመኝ ጎረምሳ ነበርኩ። ክኒን እህል አይደለም አልኳቸው።

«እህልስ አይደለም። ውኃው ነው የሚያስገድፈኝ።»

«እንግዲያ ያለ ውኃ ይዋጡታ።»

«አንተ ልጅ፣ ሰይጣንንም በሙግት ትረታዋለህ» ብለው ሳቁና በምራቃቸው ዋጡት።

ወረቀቱ ላይ ከምግብ በኋላ ይወሰድ የሚል መስመር ነበር። አይቼዋለሁ። ሙግቴን ስለሚያበላሽብኝ ዘለልኩት። ዛሬ ሌሎች የዘለሉትን መስመር እየነቀስኩ በጋዜጣ የማዋርድ ሰው ነኝ፤ አንባቢም ጥንቁቅ ይለኛል።

ራስ ምታቱ ስለተዋቸው በየማለዳው በባዶ ሆዳቸው አንድ አንድ ይውጡ ጀመር። ሆዴን አቃጠለኝ ሲሉ ጎረቤቱ ሁሉ በርበሬው ነው አለ። ሆሣዕና ሰሞን ደም አስመለሳቸውና ፍኖተ ሰላም ወስደን አስተኛናቸው።

ሐኪሙ የተረፈውን ክኒን አገላብጦ አየና በባዶ ሆድ ይዋጡ ያላቸው ማን እንደሆነ ጠየቃቸው። እኔ ግርጌያቸው ቆሜያለሁ። እኔን ላለማየት ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«ማንም። በራሴ ነው የዋጥሁት።»

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ተማሪ ትመስላለህ። ከእንግዲህ ወረቀቱን አንብብላቸው።»

እሺ አልኩ። አክስቴ ቀስ ብለው ወደ ግድግዳው ተጠጉና አጠገባቸው እንድቀመጥ ቦታ ለቀቁልኝ። ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን አረፉ።