ግልገሎቹ ያልከፈቱት በር

በአክስቴ ልቅሶ ቤት ስለ ተረቷ የተናገሩት ሽማግሌ ተሳስተዋል። እዚያው ያላረምኳቸው ለእሷ ክብር ብዬ ነው።

በስደት አገር ሞርስ ሮድ ከሚባል መንገድ አጠገብ ባለች አፓርታማ እኔንና ወንድሜን ያሳደገችን አክስቴ አንድ ተረት ነበራት። ፍየል ለግልገሎቿ «የእኔን ድምፅ ካልሰማችሁ ለማንም እንዳትከፍቱ» ብላ ለግጦሽ ትሄዳለች። ሌላ ሰው ሲተርተው ጅብ ድምጿን አስመስሎ ይገባና ግልገሎቹን ይበላል። በአክስቴ ተረት ግን የምታንኳኳው እናትየዋ ራሷ ናት። ሩቅ ውላ ድምጿ ስለሻከረ ግልገሎቹ አያውቋትም፣ አይከፍቱላትም። ጅቡ እዚያው ደጃፏ ላይ ይበላታል።

ወንድሜ ይህን ሲያወራላቸው ሽማግሌው፣ «መታዘዝን ልታስተምራችሁ ነው» አሉ። የምን መታዘዝ? ልጅ ሆኜ በእንግሊዝኛ «ጥፋቱ የማን ነው?» ስላት መልሷ ሁሌ አንድ ነበር።

«ማን አልከፈተም አትበይ። እንዲያ ያራቃት ማነው በይ።»

ይህን የምትለኝ አዛውንት በሚጦሩበት ነርሲንግ ሆም ደብል፣ ሁለት ፈረቃ አከታትላ ሠርታ መጥታ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ነው። እሑድ ቸርች ቁጭ ባለችበት፣ ወገቧ ላይ በምታንጠለጥለው የጥሪ መሣሪያ ቢፕ አድርገው ለሥራ ይጠሯት ነበር። በመጨረሻም እዚያው ሥራ ላይ ወድቃ ቀረች።

ቁልፍ እያላት ሁልጊዜ ታንኳኳ ነበር። «እኔ ነኝ» ብላ ድምጿን እስክንለየው ትጠብቃለች። አሁን እሷ ትመለስበት በነበረው ሰዓት ኮሪደሩ ጭር ይላል።

ትናንት ከሥራ ቦታዋ ቢፐሯንና ቁልፏን በፌስታል አምጥተው ሰጡኝ። የቢፐሩ መስታወት ተፋፍቆ የጠሪው ቁጥር አይነበብም። የቤታችን ቁልፍ ግን ገና ዛሬ እንደተቀረጸ አዲስ ነው።