የካራው ከርከዴ

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ሰሚራ እንጦጦ ፓርክ ወሰደችኝ። ባህር ዛፉ ሥር ተቀምጠን ቀዝቃዛ ከርከዴ አዘዘች። "አክስቴ፣ ቫይታሚን ሲ የሞላው ነው፤ ለደም ግፊትም ጥሩ ነው ይላሉ" አለችኝ። እኔ ግን አስተናጋጁን ውሃው ፈልቶ እንደሆነ ደጋግሜ ስጠይቀው አፍራ አንገቷን ደፋች። ያኔ ነው የካራውን ነገር ያጫወትኳት።

በደርግ ጊዜ ነው፤ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ቤታችን አዲስ አበባ ጫፍ ካራ፣ ከእርሻ ዳር ነበር። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ስለነበር ከአሶሳ በተመለሰ ቁጥር ደረቅ ከርከዴ በኬሻ ያመጣል። እናቴ ሐሊማ ከዝንጅብልና ከቀረፋ ጋር አፍልታ ስታጠልለው ሽታው ጎረቤት ይጠራል። የወለደች ሴት ሁሉ "ደም ይሆነኛል" እያለች ታስቀዳለች።

አንድ ሐምሌ ቀበሌያችን ለችግኝ ተከላ ከሰፈራችን በላይ ወዳለው ተራራ ወጣ። መጠጡ የሴቶች ማኅበር ድርሻ ነበርና እናቴ ላይ ወደቀ። ከማለዳ ጀምራ ወፈር አድርጋ አፈላችው፤ ማቅጠኛ የሚሆን የፈላ ውሃም በሌላ ጀሪካን ሞላች።

"ዘሃራ፣ ከዚህ ሌላ ውሃ እንዳትጨምሪ። የፈላው ላይ ያልፈላ ከገባ ሁሉንም እንዳልፈላ ቁጠሪው" አለችኝ።

ዝናቡ አባርቶ ፀሐይዋ ስትከርር ሰው ሁሉ ተጠማ። የፈላው ውሃ አለቀ፤ ወፍራሙ ከርከዴ ግን ገና ግማሽ ጀሪካን ነበር። እናቴ እላይ ከቆፋሪዎቹ ጋር ናት። በዚያ ጭቃ እስከ ቤት ወርዶ መመለስ ታከተኝ። ወንዙ አጠገቤ ነበር፤ ደራሽ ጎርፍ ያደፈረሰው፣ ከፍ ብሎ ከብት የሚረግጠው። ቀድቼ ጨመርኩ። ቅላቱ ድፍርሱን ዋጠው። ለቀበሌው ሊቀመንበር ስሰጠው "ድገሚኝ" አለ። እናቴም ወርዳ አንድ ጣሳ ጨለጠች። እኔ አልቀመስኩም።

የተረፈውን ሊቀመንበሩ ቤቱ ወስዶ ሲጠጣው አመሸ። በማግስቱ ጠዋት ሰፈሩ በቁርጠትና በተቅማጥ ተያዘ፤ ሊቀመንበሩ ደግሞ ቀይ አስመለሰ። "ደም ተፋ! መርዘውታል!" የሚል ወሬ ካራን አዳረሰ።

ሁለት አብዮት ጥበቃዎች ጠመንጃ አንግተው ቤታችን ገቡ። እናቴ ራሷ ሆዷን ይዛ ተጣጥፋ ነበር።

"ማን ልኮሽ ነው?" አሏት።

"ልጆቼ፣ እኔም እኮ ጠጥቻለሁ" እያለች ወሰዷት። በዚያ ዘመን በቀበሌ በር የገባ ሰው መቼ እንደሚወጣ የሚያውቅ አልነበረም። መርዝ አይደለም ብሎ የሚመሰክርልን ፍለጋ ወደ ጤና ጣቢያው ሮጥኩ።

እዚያ ሲስተር ጽጌ በበሽተኛ ተከባ ጨውና ስኳር በውሃ ትበጠብጣለች። እናቴን መርዘሻል ብለው እንደወሰዷት ነገርኳት።

"ውሃው ፈልቶ ነበር?" አለችኝ።

"አዎ።"

"ሁሉም?"

እጄን ያዘችኝ። "እህቴ፣ መርዝ ነው ካሉ እናትሽን አይለቋትም። እውነቱን ሳላውቅ ምን ብዬ ልሟገትላት?"

"ከወንዙ ቀድቼ ነው" አልኩ።

ክንዴን ይዛ ሊቀመንበሩ ወደተኛበት አልጋ ወሰደችኝና "ራስሽ ንገሪያቸው" አለች። ነገርኩት። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ዓይኑ ግን እንደ ወትሮው ያስፈራ ነበር።

"ማነው ያዘዘሽ?"

"ማንም አላዘዘኝም ጓድ። ቤት መመለስ ታክቶኝ ነው። ሰነፍኩ።"

በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ የጠመንጃውን ማንገቻ አስተካከለ። ሊቀመንበሩ ወደ ሲስተር ጽጌ ዞረ። "ታዲያ ቀዩ ደም አይደለም?"

"ከርከዴ ነው ጓድ። ያን ያህል ደም ቢሆን አሁን ባላናገሩኝ ነበር።"

"ሴትየዋን ልቀቋት" አለ በመጨረሻ። "ይቺ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ እዚህ ውሃ ታፍላ።"

ማንም አልሞተም። እናቴን ደግፌ ወደ ቤት ስወስዳት አልተቆጣችኝም። መንገድ ላይ ቆም ብላ "አንቺ ለምን አልጠጣሽም?" ብቻ አለችኝ። ክንዷን አጥብቄ ይዤ መንገዴን ቀጠልኩ። እሷም ዳግመኛ አልጠየቀችኝም።

ሰሚራ ሰምታ ስትጨርስ "እንዴት ደፈርሽ አክስቴ? ዝም ብትይ ማን ያውቅ ነበር?" አለችኝ። ጀግንነት መስሏታል። ለሊቀመንበሩ "ሰነፍኩ" ያልኩት ግን የእውነቱ ግማሽ ነው። ውሃው መጥፎ መሆኑን አውቅ ነበር፤ እያወቅሁ ለሰው ቀዳሁ፣ ለራሴ ተውኩ። የጠመንጃው ፍርሃት ከዘመኑ ጋር አለፈ። ያን ቀን ራሴን የፈራሁት ፍርሃት ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም፤ እንዲለቀኝም ለምኜ አላውቅም።