ጣራ የሌለው ሠርግ

ዛሬ ዛሬ የጎባና የሮቤ ወጣቶች ሲያገቡ ከባሌ ተራሮች አናት፣ ሳነቴ ወጥተው ፎቶ ይነሳሉ። ሙሽራይቱ በብርድ ከንፈሯ ጠቁሮ «ፈገግ በይ» ይሏታል። ጉም መጥቶ ሚዜውን ይውጠዋል። ከዚያ ፎቶውን ያየ ሁሉ «እንዴት ያለ ፍቅር ነው» ይላል። እኔም ሜዳ ላይ ነው ያገባሁት፤ ግን ለፎቶ ብዬ አይደለም። አንድ ግትር ሽማግሌ ከጣራዬ ሥር ላይገባ ስለማለ ነው።

ሽማግሌው የሚስቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ጎባ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ መምህር። እኔንም ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው። ያኔ ቤቴ ጎባ፣ ከሱ ሰፈር ነበር። ቀን ቀን ሮቤ እህል በረንዳ ኩንታል ስጭንና ሳወርድ እውላለሁ፣ ማታ ከልጄ የተረፈ ደብተር ይዤ ጎልማሶች ክፍል እቀመጣለሁ። አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር። እርሳሱን እንደ ዶማ ጨብጬ ሁለት ሰባብሬበታለሁ። አልሳቀብኝም፤ ይህን አልክድም።

ታዲያ መጻፍ እንደቻልኩ መጀመሪያ የጻፍኩት ለማን ነው? ለቀበሌ። በማን ላይ? በመምህሬ ላይ። የተከለው ባሕር ዛፍ የሰፈሩን ምንጭ አድርቆት ነበር። ጀሪካን ይዛ የምትሰለፍ ሴት ሁሉ ታውቀዋለች፤ ሁሉም በየጓሮው ያማዋል፤ ፊቱ ሲደርሱ ግን «ጤና ይስጥልኝ መምህር» ነው። እኔ ጻፍኩና ስሜን ፈረምኩበት። ቀበሌ ጠርተው ደብዳቤውን ቢያሳዩት መነጽሩን አድርጎ እስከ መጨረሻው አነበበና «ይህ የኔ ተማሪ እጅ ነው» አለ አሉ። ዛፉ ተቆረጠ። እሱም እዚያው ሰው ፊት፣ ከዚህ ሰውዬ ጣራ ሥር ከምገባ ዝናብ ይግደለኝ ብሎ ማለ።

እኔ ግድም አልሰጠኝ። ማን ጠራው?

ከዚያ ዓመታት አለፉ። የልጆቼ እናት ሞተች፣ ቤቴን ወደ ሮቤ አዛወርኩ። አንድ ቀን ጎባ ገበያ ማር ልገዛ ሄጄ ሻጭዋን «ማርሽ ሰፈፍ በዝቶበታል» አልኳት። «እንግዲያው አትብላ» አለችኝ። ተመልሼ ሄድኩ። እንደገና ተመለስኩ። ባሏ የሞተባት ሴት መሆኗን ቀድሜ አወቅሁ፤ የመምህሩ እህት መሆኗን ያወቅሁት ግን ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። በዚህ ዕድሜ ለመመለስ ጉልበትም የለኝም ነበር።

እሷ ያስቀመጠችው ነገር አንድ ብቻ ነው። ወንድሟ እንደ አባት ያሳደጋት ነው፤ እሱ ካልመረቀ አታገባኝም። በነሱ ቤት ወግ ደግሞ ምርቃት በሩቁ አይላክም። የሴቲቱ ታላቅ ሙሽራው ዘንድ ሄዶ ይቀመጣል፣ የሙሽራውን ምግብ ይቀምሳል፣ ከዚያ ይመርቃል። ሙሽራው ደግሞ እኔ ነኝ፤ ጣራው ደግሞ የኔ ነው።

ሽማግሌ ላክሁ። እኔ በምሠራበት እህል በረንዳ የሚነግዱ አንድ ሐጂ አሉ፤ ሰውን ማስታረቅ ከስንዴ ይበልጥ የሚያተርፋቸው ይመስላቸዋል። ሁለት ጊዜ ጎባ ሄደው ሁለት ጊዜ ፊታቸው ጠቁሮ ተመለሱ። መሐላ ነው፣ መሐላ አይፈርስም ይላል። በሦስተኛው እየሳቁ መጡ።

«ስማ፣ ጣራ ነው ያለው አይደል?»

«አዎ።»

«ሰማይ የማን ነው? የአላህ ነው። ያንተ አንዲት ቆርቆሮ አለችበት? የለችም። በቃ፣ ውጭ ነው የምትጋባው።»

መምህሩም ነገሩን መርምሮ ተቀብሎታል፤ እንደ ፈተና ወረቀት ሳይመረምር አይቀርም። ከዚያ ቦታ ፍለጋ ተጀመረ። የሆቴል ግቢ አልን፤ ግቢውን ለዚያ ቀን የተከራየ ሰው የጣራውም ባለቤት ነው ብሎ ላከብን። የኔ ጓሮ አልን፤ የቤቱ ክዳን ጫፍ ወደ ጓሮው ያዘነብላል አለ። በመጨረሻ ከጎባ በላይ፣ ወደ ሳነቴ በሚወጣው መንገድ ዳር ያለው የግጦሽ ሜዳ ሆነ። የማንም ያልሆነ፣ በጎችና አይጦች ብቻ የሚከራከሩበት ቦታ ነው። የእንግዳው ቁጥር አሥራ ሁለት የሆነው ሚኒባሱ አሥራ ሁለት ስለሚይዝ ነው። ምግቡ ጭኮ ሆነ፤ ገብስና ቅቤ የክርስቲያን የእስላም ብሎ ሰውን አይለያይም፣ ሁለት በግ ከማረድም ያሳርፋል። የሮቤ ጎረቤቶቼ ያልተጠሩበት ሠርግ ሲሆንባቸው «ለቀይ ቀበሮ ነው የሚደግሰው» አሉ። ቀበሮ ቢያንስ በልቶ አያማም።

በጥር አንድ እሑድ ጠዋት ቀድሜ ወጣሁ፤ ሚኒባሱ እኔንና ዕቃውን አራግፎ እንግዶቹን ሊያመጣ ተመለሰ። ሰማዩ እንደ ታጠበ ሰሃን ነበር። ጭኮውን በየገበታው አድርጌ፣ ለመምህሩ ያለችኝን አንድ ጥሩ በርጩማ አስቀምጬ ስጨርስ ቀና ብል፣ ከተራራው ጀርባ አንዲት ደመና ብቅ አለች። የእጅ መዳፍ አታክልም። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ እኔ ጉድ የሠራሁት። ሠላሳ ዓመት እህል በረንዳ የዋለ ሰው ደመና ሲያይ አያስብም፤ ሸራ ይስባል። ስንዴ ከራሰ ማን ነው የሚሰደበው? እጄ ራሷ እንደ ልማዴ ከነአጣናው ጭኜ ያመጣሁትን የእህል ሸራ ፈታች። አራቱን አጣና ተከለች፣ ወጠረች፣ ገመዱን አሰረች። ሥራዬን አይቼ ደስ ብሎኝ ቆምኩ።

እንግዶቹ መጡ። ሐጂ ከሚኒባሱ ሲወርዱ ሸራውን አዩና እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። መምህሩ በስተኋላቸው በከዘራው እየተደገፈ መጣ፤ ሃያ እርምጃ ያህል ሲቀረው ቆመ።

«ሸራው የማን ነው?»

የሐጂ ነው ብል ይሻል ነበር። ሐጂም በዓይናቸው እንዲያ በል ይሉኛል። «የኔ ነው» አልኩ።

«እንግዲያው ጣራ ነው» አለ። «ምሰሶውም ባሕር ዛፍ።»

ላወርደው ስል በረዶው ጀመረ። የባሌ በረዶ ደግሞ አያስጠነቅቅም፤ ጠጠር እንደሚደፋ ሰው ነው። እንግዳው ሁሉ ሙሽራይቱን ይዞ ከሸራው ሥር ገባ። መምህሩ ጋቢውን ራሱ ላይ ጥሎ እዚያው ሜዳው ላይ ቀረ። ሰባ ያለፈው ሰው ነው። በረዶው ጀርባውን ሲደበድበው ከዚህ ይሰማል። ሁለት ሰዎች ሊያመጡት ሄዱ፤ በከዘራው መለሳቸው። አንዱ ልቤ፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ይበለው አለ።

እሷ ወደኔ ዞራ፣ ጮክም ሳትል፣ «ወይ እሱ ይመርቃል፣ ወይ እኔ ከሱ ጋር ጎባ እወርዳለሁ» አለችኝ።

ወጣሁ። አጠገቡ ስደርስ ከጋቢው ውስጥ አንድ ዓይን ብቻ ይታያል።

«ውሸት ጻፍኩ በልና እመርቃለሁ» አለኝ።

ማለት ይቻል ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ብሎ ይገላገል ነበር፤ አገሩ የቆመው በዚህ ነው። አፌ ግን እንቢ አለ።

«ውሸት አልጻፍኩም መምህር። ባሕር ዛፍዎ ምንጩን አድርቆታል። ዛሬም እላለሁ። ግን እጄን ይዘው ያስጻፉኝ እርስዎ ነበሩ፤ መጀመሪያ በርዎ ላይ ቆሜ በአፌ ልነግርዎ ይገባ ነበር። ስለፈራሁዎት ነው የጻፍኩት።»

በረዶው ሁለታችንንም ይቀጠቅጠናል። ጋቢውን ከፊቱ ገለጥ አደረገ።

«ያኔ ብትነግረኝ እንቢ እልህ ነበር» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ዛፉን እንደ ልጅ ነበር ያሳደግሁት።» በከዘራው ወደ ሸራው ጠቆመና፣ «በል ያንን ነገርህን አንሳልኝ» አለኝ።

ገመዱን ለመፍታት ትዕግሥት አልነበረኝም፤ በቢላ በጠስኩት። ሸራው ላይ የተጠራቀመው በረዶ በሙሉ ሐጂ ላይ ወረደ። «ያ ረቢ» ብለው ቀጥለው የተናገሩት አይጻፍም። በርጩማዋን ተሸክሜ ለመምህሩ ወሰድኩለት። ተቀመጠ፣ ከጭኮው ቆረሰ፤ ግማሹ በረዶ ነበር፤ አኝኮ ዋጠ። እኛ ፊቱ ተንበረከክን። በአማርኛ ጀመረ፤ ጥርሱ ሲንገጫገጭበት ወደ ኦሮምኛው ተሻገረና «ሆራ ቡላ» አለን፤ ርቡ፣ ተባዙ፣ ደህና እደሩ እንደማለት ነው። ሃምሳ አምስት ዓመቴ ነው፣ እሷም ከአርባ ስምንት አታንስም፤ ግን አሜን አልን። ሐጂም ከነብስጭታቸው አሜን አሉ። እንደዚያ ያጠረ ምርቃት በባሌ አልተሰማም።

መምህሩ ሳምንት ሙሉ በብርድ ታሞ ተኛ፤ እህቱም ሳምንት ሙሉ እኔን ስትረግም ከረመች። የሙሽርነት ጊዜያችን ይኸው ነው።

መሐላው ግን አልተነሳም። እግዚአብሔርን ምስክር ጠርቶ የማለውን በጭኮ አልሽረውም ይላል። አሁን በወር አንዴ ከጎባ በሚኒባስ ይመጣል። ወንበሩን ግቢው መሐል አወጣለታለሁ። እሱ ውጭ ተቀምጦ እኔ ቤት ውስጥ ብሆን ነውር ስለሚሆን፣ የራሴንም ወንበር ይዤ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ጋዜጣ ያመጣና አንብብ ይለኛል፤ ስሳሳት ያርመኛል፤ ስላነበብነው እንጣላለን። በክረምት ጉልበቴን ይቆረጥመኛል። ሚስቴ ከመስኮት ሆና ሁለት ሽማግሌዎች በካፊያ ሲከራከሩ እያየች ትስቃለች፤ ደረቅ ቦታ ላይ ሆኖ መሳቅ ቀላል ነው።