፲፰ ብዬ የጻፍኩት ዕድሜ

ጎባ ውስጥ ካራቴ የተማርነው በቀበሌው አዳራሽ፣ በሲሚንቶ ወለል ላይ፣ በባዶ እግራችን ነበር። የማለዳው ጉም በተሰበረው መስኮት ይገባል። ከሩብ ሰዓት በኋላ የእግራችን ጣቶች የራሳችን መሆናቸውን የምናውቀው ከአንድ ነገር ጋር ሲጋጩ ብቻ ነው። ነጩን ልብስ ገበያ ያለ ልብስ ሰፊ ከአቡጀዲ ሰፍቶልናል። ብብቱ ላይ ስለሚጠብ፣ ቡጢ በተሰነዘረ ቁጥር የአንዱ ልብስ ይተረተር ነበር።

አስተማሪያችን ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበር። ቀኑን ሙሉ በማይክሮስኮፕ የሰው ደም ሲመለከት ይውላል፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ማለዳ ከሥራ በፊት፣ እኛን ይመለከታል። ሴንሴይ እንለዋለን፤ በጃፓንኛ አስተማሪ ማለት ነው። ካስተማረን ውስጥ አብዛኛው መቆም ነበር። ፈረስ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ጉልበታችንን አጥፈን፣ ጭናችን እስኪንቀጠቀጥ መቆም። ከዚያ ካታ መጣ። ካታ በሐሳብ ብቻ ካለ ባላጋራ ጋር፣ በተወሰነ ቅደም ተከተል መዋጋት ነው። አዳራሹን የሚጠብቀው የአብዮት ጥበቃ ጓድ ጠመንጃውን ታቅፎ በሩ ላይ ተቀምጦ ያየናል።

«እናንተ፣ ከማን ጋር ነው የምትደባደቡት?» አለን አንድ ቀን።

«ከጠላት ጋር ነው፣ ጓድ» አለው ጓደኛዬ።

«የታለ ጠላቱ?»

«አሁን ወጣ። በር ላይ አልተገናኛችሁም?»

ጓደኛዬ ገበያው አጠገብ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡ ነጋዴ ልጅ ነበር። ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ በአባቱ ሱቅ ይሠራል። ሜትር ይዞ አቡጀዲ ሲለካ እጁን በዓይን መከተል ያስቸግራል፤ ቡጢውም እንደዚያው ነበር። እኔ ያኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ አባቴ ከሌላ ክፍለ ሀገር ተዛውሮ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ቁመታችን እኩል ስለሆነ ሴንሴይ አጣመረን። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት ዓመታት ካረፉብኝ ምቶች አብዛኞቹ የእሱ ናቸው።

አባቱ መጀመሪያ አልፈቀዱም ነበር። የከበዳቸው ድብድቡ ሳይሆን እጅ መንሳቱ ነው። ልምምድ ሲጀመርና ሲያበቃ ለአስተማሪና ለባልደረባ ጎንበስ ይባላል። ይህን ከሰው ሰምተው፣ አንድ ቀን ሱቃቸው ስገባ ጠየቁኝ።

«እውነት ነው፣ ኢልመ ኮ? ለሰው ትሰግዳላችሁ?» ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ የሚሉት ለወጣት ሁሉ ነበር።

«ስግደት አይደለም አባባ፣ ሰላምታ ነው።»

«ጎንበስ የሚባለው ለአላህ ብቻ ነው። ለሰላምታ እጅ አለ።»

ለሴንሴይ ነገርኩት። ብዙም አላሰበበትም። «ቀጥ ብሎ ቆሞ እጁን ደረቱ ላይ ያድርግ» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥር ሰዎች ጎንበስ ስንል አንዱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይቆማል። አባትየው ይህን ሲሰሙ ፈቀዱ።

«እንግዲህ አደራ» አሉኝ። «አንተ ተምረሃል፣ ወረቀት ታውቃለህ። እሱ ችኩል ነው።»

በሁለተኛው ዓመት የአረንጓዴ ቀበቶ ፈተና ደረሰ። ፈታኙ የሚመጡት ከአዲስ አበባ ነው። አስቀድመው በላኩት ደብዳቤ ሁለት ነገር አሳስበዋል፦ ፈተናው ነፃ ግጥሚያ ስላለው እያንዳንዱ በቁመት ከሚመጥነው ጥንድ ጋር ይቅረብ፤ ዕድሜው ከአሥራ ስምንት በታች የሆነ አይቅረብ። ቀበሌውም በበኩሉ አዳራሹን ለመፍቀድ የተፈታኞችን ስም፣ ዕድሜና ሥራ የያዘ ዝርዝር በሦስት ቅጂ ጠየቀ። የክለቡ ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። የእጅ ጽሑፌ ያምራል፤ ቁጥር ደግሞ በግዕዝ ነበር የምጽፈው። ልጅ ሆኜ ቄስ ትምህርት ቤት የለመድኩት ነው። ሌላው ሰው ሁሉ 18 ብሎ ሲጽፍ ፲፰ ብሎ መጻፍ ያኮራኝ ነበር።

ጓደኛዬ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። አውቃለሁ፤ ወላጆቹ ለዚያራ፣ ለጸሎት ጉዞ፣ ከሄዱበት ከሼክ ሁሴን በተመለሱ በሳምንቱ እንደተወለደ አባቱ ደጋግመው ሲያወሩ ሰምቻለሁ፤ ዓመቱንም ይቆጥሩት ነበር።

«እንግዲህ እኔ ቀረሁ» አለኝ። «ሌላ ጊዜ እፈተናለሁ።»

እሱ ከቀረ እኔም ጥንድ አልነበረኝም። በሰኔ ማትሪክ ወስጄ ከጎባ እወጣለሁ ብዬ አስቤያለሁ፤ ለእኔ ሌላ ጊዜ የሚባል አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በሥራዬ ሌሎች ሰዎች ያሉትን ቃል በቃል እየመዘገብኩ ነው የኖርኩት። ያን ቀን ራሴ ያልኩት ይህ ነው፦

«ልደትህን ማን ያውቃል? አሥራ ስምንት ብዬ እጽፍልሃለሁ።»

«ኧረ ተው። አባባ ቢሰማስ?»

«ዝርዝሩን ማን ያነበዋል? መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀረው።»

«እንግዲያው ጺምም ጨምርበት፣ አቶ ጸሐፊ» ብሎ ሳቀ።

በሦስቱም ቅጂ ላይ፣ ከስሙ ትይዩ፣ ፲፰ ብዬ ጻፍኩ። ለሴንሴይ አልነገርነውም። በዚያ ዘመን ዕድሜ ማስተካከል ነውር አልነበረም፤ ለትምህርት ቤት ይቀነሳል፣ ለሥራ ይጨመራል። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ግን ከወጣ ቆይቷል። አሥራ ስምንት የሞላው እንደሚጠራ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ከእኛ ቀበሌ እስከዚያ የተወሰዱት ጥቂቶች ስለነበሩ ሁለቱን ነገሮች አላገናኘኋቸውም እል ነበር። ማገናኘት አልፈለግኩም ብል ለእውነቱ ይቀርባል።

ፈተናው በግንቦት፣ አንድ ቅዳሜ ተደረገ። ፈታኙ ቀጭን ድምፅ ያላቸው አጭር ሰው ነበሩ፤ ብርዱ ስለከበዳቸው ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ፈተኑን። በነፃ ግጥሚያው ቡጢ ገላ ሳይነካ ማቆም ነበረበት። የጓደኛዬ አልቆመም፤ ከንፈሬን ተረተረው። ፈታኙ «ቁጥጥር!» ብለው ጮኹበት። ደሜን በእጅጌዬ ጠርጌ ቀጠልን። ሁለታችንም አለፍን።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ለቀበሌው የምልምል ኮታ መጣ። ሊቀ መንበሩ ቤት ለቤት መዞር አላስፈለጋቸውም። የአዳራሹ ጠባቂ በኋላ እንደነገረኝ፣ «የተዘጋጀ ጦር መሳቢያዬ ውስጥ አለኝ» ብለው ዝርዝራችንን አወጡ። ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ፤ በዚያ ላይ ጤነኛና የሠለጠነ። ከአሥራ አንዳችን አራቱን ወሰዱ። የመንግሥት ሠራተኞች ተተዉ፤ ተማሪዎችም እስከ ማትሪክ ተተውን። ጓደኛዬ ከሁለቱም አልነበረም።

ሲወስዱት አይቻለሁ። የገበያ ቀን ነው፤ አባቱ ዕቃ ሊያመጡ ሮቤ ሄደዋል። ወደ ሱቁ ስቃረብ ሁለት ሚሊሻዎች ግራና ቀኝ የእጁን አንጓ ይዘው ሲያወጡት ደረስኩ። ሴንሴይ ራስን መከላከል ብሎ መጀመሪያ ያስተማረን ይህንኑ ነበር፤ አንጓህን የያዘህ ሰው አውራ ጣቱ ባለበት በኩል እጅህን አዙረህ ታመልጣለህ። ስንት ጊዜ ሠርተነዋል። አያያዛቸው ላላ ያለ ነበር፤ ሊያስለቅቃቸው እንደሚችል እሱም አውቋል፣ እኔም አውቄያለሁ። ሦስተኛው ሚሊሻ ጠመንጃ ይዞ ከኋላ ይከተላል። ጓደኛዬ እጆቹን አላንቀሳቀሰም።

«ሱቁን ዝጋልኝ» አለኝ ሲያልፉ። «አባባ ሮቤ ነው።»

ዘጋሁለት።

ምልምሎቹን መኪና እስኪመጣ የእህል መጋዘን ውስጥ አቆዩአቸው። በማግስቱ ጠዋት አባቱ ቤታችን መጡ። በአጥሩ በኩል ልጃቸውን አነጋግረውታል። ቀበሌ ሄደው ደግሞ አሥራ ስምንት ተብሎ መመዝገቡን ሰምተዋል።

«ማመልከቻ ጻፍልኝ» አሉኝ። «ልጁ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው በልልኝ። አሥራ ስምንት ብሎ የጻፈው ማነው ግን?»

«የቀበሌ ሰዎች ይሆናሉ» አልኩ።

ማመልከቻውን በጥንቃቄ ጻፍኩ። ከዚህ ቀደም ከጻፍኳቸው ሁሉ የተሻለ ነበር። እንደ ልማዴ ዕድሜውን ፲፮ ብዬ አሰፈርኩት። አንድ ጊዜ እንኳ እጄን አልጠረጠርኩትም። አብሬያቸው ወደ ምልመላ ኮሚቴው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ።

የኮሚቴው ጸሐፊ መነጽር ያደረገ፣ ድምፁን የማያነሳ ሰው ነበር። ወንበር ሰጣቸው።

«ማስረጃ አለዎት አባባ?»

«ከሼክ ሁሴን ዚያራ በተመለስን በሳምንቱ ነው የተወለደው። እናቱ አለች፣ ጎረቤት አለ።»

«ዚያራ ማኅተም የለውም አባባ» አለ። ሲያሾፍ አልነበረም። መዝገብ ከፍቶ የክለባችንን ዝርዝር አወጣና ከማመልከቻው ጎን አስቀመጠው። ሁለቱን ጥቂት ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ማመልከቻውን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«ዝርዝሩንስ?»

ጣቱን ከ፲፰ ወደ ፲፮ አሻገረ።

«በዚህ ከተማ በግዕዝ ቁጥር የሚጽፍልኝ ሁለት ሰው የለም» አለ። «አንድ እጅ፣ ሁለት ዕድሜ። የትኛው ነው ሐሰቱ?»

«ዝርዝሩ ነው» አልኩ።

ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ ወደ እኔ ገፋ አደረገ። «ሐሰተኛ ሰነድ አዘጋጅቼ ለመንግሥት አካል አቅርቤያለሁ ብለህ ጻፍና ፈርም። ከዚያ የልጁ ጉዳይ እንደገና ይታያል። የአንተም ጉዳይ እንደዚሁ።»

ማትሪክ ሊደርስ ሁለት ሳምንት አልቀረውም። እስክሪብቶው ጠረጴዛው ላይ፣ ከእጄ አንድ ስንዝር ርቆ ነበር። አባትየው ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እስክሪብቶው ይመለከቱ ነበር። እጄን አልዘረጋሁም። ጸሐፊው እስክሪብቶውን አንስቶ ክዳኑን ገጠመው።

«ማመልከቻው ተቀባይነት የለውም» አለ።

ውጭ ስንወጣ አባትየው ሰላምታም ሳይሰጡኝ ወደ መጋዘኑ አቀኑ። በሦስተኛው ቀን መኪኖቹ ምልምሎቹን ጭነው በሮቤ በኩል ወጡ። በሰኔ ስፈተን፣ ሐምሌን ሙሉ ስጠብቅ፣ በሱቁ በኩል አላለፍኩም። ካራቴው ያኔውኑ ተበተነ፤ ስሙ የሚጻፍበት ቦታ የሚመጣ ሰው አልተገኘም።

በነሐሴ በትምህርት ቤቱ የፖስታ ሣጥን፣ በእኔ ስም፣ ደብዳቤ መጣ። ከፈትኩት፤ ውስጡ ያለው ለአባቱ የተጻፈ ነው። የጓደኛዬን የእጅ ጽሑፍ አወቅኩት፤ የስምንተኛ ክፍል ጽሑፍ ነበር፣ መስመር የማይጠብቅ። አባቱ አማርኛ ማንበብ እንደማይችሉ ያውቃል። የላከውም ለዚያ ነው፤ እንዳነብላቸው። መንገድ ላይ አንድ ጊዜ አነበብኩት።

አባትየው ሱቁ ውስጥ ጨርቅ እያጠፉ አገኘኋቸው። ደብዳቤውን ሳሳያቸው ጨርቁን አስቀመጡ።

«አንብበው» አሉ።

አነበብኩ። አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ ይላል። አገሩ ሙቀት ነው፣ ውኃው ጨዋማ ነው ይላል። እዚህ መጀመሪያ የሚያስተምሩን መቆም ነው፣ እኔ ግን ቀድሜ ስለማውቀው አሠልጣኙ ይገረማል ይላል። በቅርቡ ወደ ሰሜን እንሄዳለን ተብሏል ይላል። ከዚያ በታች፣ ከሰላምታው በፊት፣ እንዲህ የሚል ነበረበት፦

«አባባ፣ በጓደኛዬ አትዘንበት። አሥራ ስምንት ብለህ ጻፍልኝ ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ። እሱ እምቢ ብሎኝ ነበር።»

ይህን መስመር ዘልዬ ማለፍ እችል ነበር። ወይም አንብቤው፣ ውሸት ነው፣ የተናገርኩት እኔ ነኝ፣ እምቢ ያለው እሱ ነው ማለት እችል ነበር። ድምፄን ሳልለውጥ አነበብኩትና ወደ ሰላምታው አለፍኩ።

አባትየው «ድገመው እስቲ» አሉ። «የመጨረሻውን።»

ደገምኩት።

ፊታቸውን በእጃቸው አበሱ። «ነግሬህ ነበር፣ ችኩል ነው» አሉ። «እኔ ግን ሁለት ወር ሙሉ በልቤ አንተን ስረግም ነው የከረምኩት። አፉ በለኝ፣ ኢልመ ኮ።»

«አፉ ብያለሁ፣ አባባ» አልኩ።

መልሱን እዚያው ባንኮኒው ላይ ጻፍኩላቸው። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። እናትህ ደህና ናት፤ ዱዓ እናደርግልሃለን፤ ጓደኛህን አልተቀየምኩትም፣ አሁንም አጠገቤ ነው። ይህንንም እንዳሉት ጻፍኩት። ፖስታ ቤት አብረን ሄደን አስገባነው። ከልጁ ሌላ ደብዳቤ አልመጣም። መልሳችን ይድረሰው አይድረሰው አላወቅንም።

እኔ በመስከረም ከጎባ ወጣሁ። አባትየው ሱቃቸው እስከተዘጋ ድረስ፣ በየበዓሉ ለወላጆቼ ሰላምታ ይልኩ ነበር፤ ለእኔም ለብቻዬ።