የሦስት ቀን ውድድርና የወንድሜ ሳምባ

ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘ በሁለተኛው ክረምት እኔና ታላቅ ወንድሜ በልደታ የአውሮፕላን ማረፊያ ሥራ ላይ ጠጠር እንሸከም ነበር። ጠጠሩ የሚጓዘው በባሬላ ነው፤ አንድ ሰው ከፊት፣ ሌላው ከኋላ ሆኖ ይይዘዋል። እኔ ሃያ ዓመቴ፣ እሱ ሃያ ስድስት ነበር። በጌጃ ሰፈር በጉልበት የሚስተካከለው አልነበረም፤ ይህንንም ያውቃል።

አንድ ጠዋት ካቦ የምንለው ጣሊያናዊው የሥራ አዛዥ የወታደር ጫማ ይዞ መጣ። በሦስት ቀን ከሁሉ ይበልጥ ባሬላ ያመላለሰ ሰው እንደሚወስደው በአስተርጓሚ ነገረን። ብዙዎቹ ሳቁ። ወንድሜ አልሳቀም። ከኋላ የሚይዝለት ሰው ሲደክም ሌላ ይተካል፤ እሱን ግን የሚተካ አልነበረም። ዝናብ ሲመጣ እኛ ቆርቆሮ ሥር ስንጠለል እሱ ላብ ባራሰው ሸሚዝ ዝናቡን ይቀበላል። ምሳውንም ቆሞ ነበር የሚጎርሰው።

«ወንድምጋሼ፣ ትንሽ ብታርፍ?» አልኩት በሁለተኛው ቀን።

«ዕረፍቱን ላንተ ትቼልሃለሁ» አለኝ።

ጫማውን አሸነፈ። በማግስቱ እሑድ ግን ከመደቡ መነሣት አቃተው። መጀመሪያ ጉሮሮው፣ ከዚያ ሳል፣ ከዚያ ትኩሳት፤ በሦስተኛው ቀን ጎኑን ይወጋው ጀመር። እናታችን ዓይን ነው አለች። በዚያ ሰሞን ሰፈሩን ጉንፋን ይዞት ነበር። እኔንም ነካ አድርጎኝ በሁለት ቀን ለቀቀኝ። የምንተኛው አንድ መደብ ላይ፣ የምንጠጣውም በአንድ ጣሳ ነበር።

ከአስመራ መጥቶ በወታደሮች ሆስፒታል አስታማሚ የሆነ ጎረቤት ነበረን። ጆሮውን በወንድሜ ጀርባ ላይ አድርጎ አዳመጠና «ሳምባው ነው» አለ።

«ከልጆቼ ሁሉ ጠንካራው እሱ አይደለም እንዴ?» አለች እናቴ።

«እማማ፣ ጉልበቱን አሟጦ ጨርሶታል። እንዲህ የዛለ ሰውነት በሽታን መመከት ያቅተዋል። ወታደሮቹም ብዙ ጊዜ የሚታመሙብን ከረዥም ጉዞ ሲመለሱ ነው። ግን ሁሉንም አውቃለሁ አልልዎትም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አሁን ይተኛ። ሲሻለው ግን ተኝቶ አይክረም፤ ጠዋት ጠዋት በቀስታ ይራመድ።»

ወንድሜ ሦስት ሳምንት ተኛ። ሲነሣ መጀመሪያ እስከ ጎረቤት አጥር፣ ቆይቶም እስከ ልደታ ማርያም ደጅ መራመድ ጀመረ። ቅዳሴ የሚሄዱ አሮጊቶች ጥለውት ሲያልፉ አንገቱን ይደፋል። መስከረም ሲጠባ ግን ቤተ ክርስቲያኑን ዞሮ ሳያርፍ ይመለስ ነበር።

በእሱ ቦታ ከፊት የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ካቦው የአንድ እናት ልጆች እኩል ጉልበት አላቸው ብሎ ያስብ ነበር መሰለኝ፣ የእሱን ያህል ጫነብኝ። እኔም ደከመኝ ማለት አፈርኩ። በጥቅምት ጉንፋኑ ተመልሶ ሲመጣ የወደቅኩት እኔ ነኝ። ወንድሜ አክታዬን እየጠረገ አጠገቤ ሲውል አንዴ እንኳ አላስነጠሰም። መራመዱ ይሁን ዕረፍቱ ወይም እንዲያው ዕድሉ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ሳይለቀኝ ለሥራ ተነሣሁ። ወንድሜ በሩ ላይ ቆመ።

«ተመለስና ተኛ።»

«ቦታዬን ለሌላ ይሰጡብኛል።»

«ይስጡት።»

«ማን ያበላናል ታዲያ?»

«እኔ። ግን በልኬ ነው የምሠራው።»

ያን ቀን ወንድሜ ካቦውን አካፋ ለመነው። ባሬላ አልይዝም ሲል ካቦው በሰው ፊት «ሴት ሆንክ?» ብሎ ሰደበው፤ አካፋውን ግን ሰጠው። ሲደክመው እያረፈ ውሎ ማታ መጣና ይህን ሁሉ የሌላ ሰው ታሪክ እንደሚያወራ ሆኖ ነገረኝ። በስድቡ የተናደድኩት እኔ ነበርኩ። ካቦውን ልራገም ስል ሳሉ አፈነኝ፤ እሱም ቀና አድርጎ ደግፎኝ አጥሚቱን አስጠጋልኝ።