ለእሷ ብቻ «እሺ» የሚል ማሽን

ታናሽ እህቴ ሥራዋ ሰርቨር የሚባለውን ማሽን መፈተን ነበር። ኮምፒውተሯ ላይ በሚከፈት ጥቁር መስኮት አንድ መስመር ትዕዛዝ ትጽፋለች፤ ጥያቄው ይሄዳል፣ መልሱ ይመጣል። ትምህርቴን ገና በልጅነቴ ስላቋረጥኩ፣ ይህም የገባኝ እሷ ደጋግማ አስረድታኝ ነው።

የአንድ ክሊኒክ በሽተኞች በስልካቸው ቀጠሮ የሚይዙበትን ገጽ የሠራው አብሯት የሚሠራው እጮኛዋ ነው። እሷ በፈተነችው ቁጥር «እሺ» ይላል። እጮኛዋም ቤታችን ቁጭ ብሎ፣ «ማሽኑም እንደኔ ነው፤ አንቺን እምቢ ማለት አይችልም» እያለ ያስቀናል። እሷም አምናው «ይሠራል» ብላ ለአለቃቸው አረጋገጠች። ገጹ በተከፈተ ቀን ግን አንድም በሽተኛ ቀጠሮ መያዝ አልቻለም።

እህቴ እንደገና ሞከረችው፤ አሁንም «እሺ» አላት። እያንዳንዱ ጥያቄ ከየትኛው መሣሪያ እንደተላከ ይናገራል። ስለዚህ የመሣሪያዋን ስም ቀየረችና ከማንም ሰው ስልክ የመጣ አስመስላ ላከችው። «ስህተት» ብሎ መለሰ። ለካ እጮኛዋ፣ ማሽኑ የእሷን መሣሪያ ስም ሲያይ ብቻ «እሺ» እንዲል አድርጎት ኖሯል።

«ምነው አንተ! ምን በደልኩህ?» አለችው።

«የማስረከቢያው ቀን ደረሰብኝ እኮ። በኋላ አስተካክለዋለሁ ብዬ ነው።»

«እኔን መሸወጃ ለመሥራትስ ጊዜ ከየት አገኘህ?»

አለቃው ሁለቱን አስጠርቶ፣ «ይሠራል ያልሽኝ አንቺ ነሽ» አላት። እሷ እጮኛዋ ራሱ ጥፋቱን እንዲናገር ጠበቀች፤ እሱ ግን አጠገቧ ቆሞ ጫማውን ያያል። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ማለት ይህ ነው። እሷ ተባረረች፤ እሱ ቀረ።

አሁን ሲደውልላት አታነሳም። እኔም አንሺው አልላትም።