ታጥፎ የቆየ ሸራ

ጋሽ ሸራ በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ወደ ቁልፍ መቅረጫዬ ብቅ ይሉና ሰላምታቸውን እንኳ ሳይጨርሱ ዛሬስ ከምን ደረሰች ይሉኛል። ሌላ ሰው ቢሰማ የታመመች ዘመድ የሚጠይቁ ይመስለዋል። እኔ ግን ነገሩን ስለማውቅ እጄን ከብረት ብናኝ አራግፌ ስልኬን አወጣለሁ፤ ከከተማው ማዶ ያለው የጠፈር ተቋም ጠዋት ጠዋት የሚያወጣውን ሪፖርት አነብላቸዋለሁ። ከፍታዋ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር፣ ከትናንት ይህን ያህል የቀነሰ፣ ከአራቱ ማዕዘኖች ሦስቱ የተዘረጉ፣ አንዱ ያልተዘረጋ። «ያልተዘረጋ» የሚለው ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ዓይናቸውን መሬት ላይ ይተክላሉ።

የምናወራው ስለ አንዲት መንኮራኩር ነው። ነዳጅ የላትም። የጫማ ካርቶን በምታክል ሳጥን ውስጥ ከፀጉር የቀጠነ፣ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ሸራ ታጥፎ ይቀመጥላታል። ሰማይ ስትደርስ ሸራው የአንድ ቤት ጣሪያ ያህል ይዘረጋል፤ ከዚያ በኋላ የፀሐይ ብርሃን ራሱ እየገፋ ይወስዳታል። ብርሃን ደግሞ ምን ጉልበት አለው ብዬ መጀመሪያ ስቄ ነበር። ያለቦታው መሳቅ ድሮም አመሌ ነው።

ጋሽ ሸራ ጥርሳቸውን የነቀሉት በሸራ ነው። የጭነት መኪና ሸራ፣ ድንኳን፣ የሱቅ በረንዳ ጥላ ሲሰፉ አርባ ዓመት ሞላቸው። አውራ ጣታቸው ወስፌ ሲገፋ ኖሮ ጠፍጥፏል። የሚያውቃቸው ሁሉ የሚያነሳላቸው ግን ስፌታቸውን ሳይሆን አስተጣጠፋቸውን ነው። እሳቸው ያጠፉትን ሸራ በዶፍ ዝናብ መሐል አንድ ጫፉን ይዘው ቢስቡት ያለ ትግል ይዘረጋል። በወርክሾፓቸው አንድ የማይሻር ሕግ አለ። ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ መደርደሪያ ላይ ያለ ሸራ ሁሉ ወርዶ ይዘረጋል፣ ይናፈሳል፣ ከዚያ በሌላ መስመር እንደገና ይታጠፋል። «ማስተንፈስ» ይሉታል። ያልተነፈሰ ሸራ እጥፋቱ ላይ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ በግድ ቢስቡት ይቀደዳል።

ትልቅ ሸራ ለማጠፍ ደግሞ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ ጫፍ ይይዝና እያጠፉ ይጠጋጋሉ፤ በመጨረሻው እጥፋት እጅ ለእጅ ይገናኛሉ። ያንን ሁለተኛ ጫፍ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ስትይዝ የኖረችው አንዲቷ ልጃቸው ነበረች። እናቷ በልጅነቷ ስላረፈች ያደገችው እዚያው ሸራ መሐል ነው። ይህን ቤት የምትረከበው እሷ ነች እያሉ ለመጣው ለሄደው ያወሩ ነበር። እሷ ግን በትምህርቷ ገፋችና ከከተማው ማዶ ባለው የጠፈር ተቋም ተቀጠረች። የተቀጠረችው የዚህችን መንኮራኩር ሸራ ለማጠፍ መሆኑን ስትነግራቸው ደስ የሚላቸው መስሏት ነበር። እሳቸው የእኔ ሸራ አነሰሽና የሰው ሸራ ልታጥፊ ሄድሽ አሏት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ልጅቷም የአባቷ ልጅ ነችና በእልህ አትታማም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣቷን ተወች። እሳቸው ሁለተኛውን ጫፍ ሁለት ጡብ እየጫኑበት ብቻቸውን ማጠፍ ጀመሩ። ላግዝዎት ያልኳቸው ቀን ለሁለት ቀን አኮረፉኝ።

እንዲህ ተኳርፈው ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሳትጠራ መጣች። እኔ የቁም ሳጥናቸውን ቁልፍ ልቀይር እዚያው ነበርኩ። ሮኬቱ ተበላሽቶ የመንኮራኩሯ ጉዞ መዘግየቱን፣ ሸራዋ ሳጥን ውስጥ ታጥፋ ዓመት ልትደፍን መሆኑን ቆማ አወራች። አባት ወስፌያቸውን አላስቀመጡም፤ ቀና ብለውም አላዩዋትም። ወሬው ሲያልቅባት እንዲህ አለች፦

«አባዬ፣ ታጥፎ ብዙ የቆየ ሸራ ምን ቢደረግ ይሻላል?»

«የተማሩት የት ሄዱ?» አሉ አንገታቸውን እንደደፉ። «እነሱን ጠይቂያቸው።»

ይሄኔ ነው እኔ የሳቅኩት። ሸጋ መልስ መስሎኝ ነበር። ልጅቷ ጡቦቹን ለአፍታ አየቻቸው፣ ደህና ዋሉ አለችንና ወጣች።

መንኮራኩሯ የመጠቀች ዕለት ወሬውን ያደረስኩላቸው እኔ ነኝ። ግድ የሌላቸው መስለው ይቅናት አሉ። በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ ግን በሬ ላይ ቆመው አገኘኋቸው፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልቀሩም። ሸራው የሚዘረጋበት ቀን ሲደርስ ከእኔ ቀድመው መጥተው ነበር የጠበቁኝ። ሦስቱ ማዕዘን ተዘርግቷል፣ አራተኛው ግማሽ መንገድ ላይ ቆሟል የሚለውን ሳነብላቸው ወንበሬን ስበው ተቀመጡ።

«ተጣብቋል» አሉ። «ልጄ መጥታ ጠየቀችኝ። አንድ ቃል ብተነፍስላት ምን እሆን ነበር?»

ሌላ ምክንያት ሊኖረው እንደሚችል ብነግራቸው ማን ይስማኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ አልወርድ አላቸው፤ የሚሰፉትን መልሰው መፍታት ጀመሩ። ሸራዋ ጀምበር እንደጠለቀች በእኛ ሰፈር ላይ የምታልፍባቸው ቀናት ነበሩና ሁለታችን ሱቃችንን ዘግተን መንገድ ዳር እንቆማለን። ቦግ ትላለች፣ ትጠፋለች፣ እንደገና ቦግ ትላለች። አንዱ ጎኗ ስላልተዘረጋ ሚዛኗን ስታ እየተገለባበጠች ነው የምትሄደው። አትክልት ሻጯ ጎረቤታችን ምን ጠፍቶባችሁ ነው ሰማይ የምትፈትሹት ብላ ቀለደችብን። ጋሽ ሸራ ድሮ ቢሆን የምላሷን ይሰጧት ነበር፤ አሁን ግን ዓይናቸውን ከሰማዩ አላነሱም።

ይደውሉላት አልኳቸው። አንዴም አይደለም፣ አሥር ጊዜ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብለው ይመልሱልኛል። በእሳቸው ምክንያት ከሥራዋ የተባረረች ሁሉ ይመስላቸው ነበር። ሁለት ወር እንዲህ አለፈና አንድ ቀን በወርክሾፑ በር ጀርባ ተማሪ ሳለች በእርሳስ የጻፈችውን ስልክ ቁጥር ሰርቄ ቀዳሁት። ደወልኩላት። አባትሽ በሰውነታቸው አልቀዋል፣ ምክንያቱን ከራሳቸው ስሚው አልኳት።

የመጣችው ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። ጋሽ ሸራ አንዱን የመኪና ሸራ ዘርግተው ጡቡን ሊጭኑ ጎንበስ እንዳሉ ነበር። ሲያዩዋት ጡቡን ይዘው ቀሩ።

«የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ» አሉ። «በየወሩ ዘርግታችሁ፣ አናፍሳችሁ፣ በሌላ መስመር ማጠፍ ነበረባችሁ። እያወቅሁ ነው የከለከልኩሽ። ሸራሽን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

ልጅቷ ግራ ገብቷት እኔን አየችኝ፣ እሳቸውን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። ሸራው አልተጣበቀም። ማዕዘኑን እየገፉ ከሚዘረጉት አራት ዘንጎች አንዱ ተጣሞ ነው፤ የብረቱ ችግር መሆኑን ተቋሙ መርምሮ ደርሶበታል። ሸራው ያን ያህል ጊዜ ሲጠብቅ በየወሩ ከሳጥኑ ወጥቷል፣ ተናፍሷል፣ በሌላ መስመር ታጥፏል። ከአለቆቿ ጋር ተሟግታ ያንን ያስደረገችው ራሷ ናት።

«ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ እኮ ቅዳሜ ቅዳሜ ይህንኑ ሳደርግ ነው ያደግኩት፣ አባዬ።»

«ታዲያ እያወቅሽው ለምን ጠየቅሽኝ?»

«የምትመልስልኝ ነገር ይዤ ልምጣ ብዬ ነዋ። ሌላ የምናወራው ምን ነበረን?»

ጋሽ ሸራ ጡቡን መሬት አስቀመጡና ራሳቸውም አጠገቡ ቁጭ አሉ። ሁለት ወር የተሸከሙት ጥፋት ከትከሻቸው ወርዶ ነበር፤ ግን በቦታው የባሰ መጣባቸው። ሸራ ቢበላሽ ሌላ ይሰፋል። ልጅቷ የሸራውን ሁለተኛ ጫፍ አነሳች። እሳቸውም ተነሱ። አጠፉ፣ ተጠጋጉ፣ አጠፉ፣ በመጨረሻው እጥፋት ላይ እጃቸው ተገናኘና ሁለቱም ወዲያው አልለቀቁም። ከወር በኋላ አዲስ ሸራ ለመሥራት ሩቅ ከተማ እንደምትዛወር የነገረቻቸው ያኔ ነው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ያ ሁሉ ቅዳሜ ጡብ ይዞት ሄዷል።

ስትሄድ እስከ ታክሲው ሸኘኋት። ያን ቀን መሳቄ እስካሁን እንደሚቆጨኝ ነገርኳት። «ሰምቼው ነበር» አለችኝና ታክሲው ውስጥ ገባች።

ጀምበር ስትጠልቅ ከጋሽ ሸራ ጋር እንደ ልማዳችን መንገድ ዳር ቆምን። ሸራዋ መጣች፤ ቦግ እያለች፣ እየጠፋች። ጥቂት ሳምንት ቢቀራት ነው፤ እየወረደች መጥታ አየሩ ላይ ትቃጠላለች ብሏል ሪፖርቱ። ስንት ኪሎ ሜትር ደረሰች እስኪሉኝ ስልኬን አውጥቼ ጠበቅኩ።

«ያን ቀን ምን ለብሳ ነበር?» አሉ።

«የቱን ቀን?»

«ልትጠይቀኝ የመጣች ቀን። አንተ አይተሃታል።»

«ሰማያዊ ሹራብ» አልኳቸው። «ፀጉሯን ደግሞ ያኔ አሳጥራ ተቆርጣው ነበር።»

«ተቆርጣው ነበር?» አሉኝ፣ ሰማዩን ትተው እኔን እያዩ።